ቀጠሮ የሚያከብር አድማ

የ2015 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ዓርብ ላይ ዋለ። ሌሊት የጋገርኩት ድፎ ዳቦ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የኮባ ቅጠል እዚህ አገር ስለማይገኝ ከእስያውያን ሱቅ የገዛሁትን የሙዝ ቅጠል አንጥፌለት ነበርና ቤቱን ሁሉ ሽታው ሞልቶታል። በማለዳ አክስቴ ደወሉ። እሳቸው ለንደን ናቸው፤ እኔ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ እኖራለሁ።

"ልጄ፣ ባቡሩ ዛሬም አኩርፏል?"

"አኩርፏል እትዬ። ነገም እንደዚያው ነው።"

"ታዲያ በምን ልትመጪ ነው?"

"በአውቶቡስ።"

ዝም አሉ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድሬዳዋ ሸማንደፈር ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ነበሩ። በአክስቴ ዘንድ አውቶቡስ ማለት ባቡር ያመለጠው ሰው የሚሳፈርበት ነገር ነው። "እንግዲህ ዳቦው ላይ ዕቃ እንዳትጭኚበት" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ተነሣን። በባቡር ሦስት ሰዓት የማይሞላው መንገድ ሰባት ሰዓት ፈጀ፤ ባቡር ያጣው ሕዝብ ሁሉ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ ነበር። ዳቦውን ከላይ ከዕቃ ማስቀመጫው ላድርገው ብል ሻንጣ ተጭኖበት ሊዳጥ ነው፤ እታች ብጥለው እግር ሊያገኘው ነው። ስለዚህ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እንግሊዛዊ አዛውንት አንድ ሰዓት ያህል እንዳላዩ ሆነው ቆዩና በመጨረሻ ሽታው አሸነፋቸው።

"ይቅርታ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?"

"የገና ዳቦ ነው።"

"ገና እኮ አለፈ!"

"የእኛ ነገ ነው።"

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ የነበረው በእነሱ ገና ዋዜማ ነበር፤ ያን ዕለትም ከአመሻሹ 12 ሰዓት ጀምሮ አድማ ስለነበር ጉዞውን ለጥር አስተላለፉት። የጥሩም ይኸው አውቶቡስ ላይ ጣላቸው። "እንግዲህ ሁለቱንም ገና አዳረሱት ማለት ነው" አሉኝ። ዳቦውን ቆርሼ ብሰጣቸው በወደድኩ፤ ግን ካህን ሳይባርከው፣ አክስቴም ሳያዩት አይሆንም።

የዚያ ሳምንት አከፋፈል አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ማክሰኞና ረቡዕ፣ ማለትም ጥር 3 እና 4 ቀን 2023 (የምጠቅሳቸው ወሮችም፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ የባቡር ጣቢያና የሐዲድ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሐሙስ ተራው የነጂዎቹ ሆነ። ዓርብና ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹ እንደገና ሥራ አቆሙ። እንደ እድር ተረኞች ተቀባብለው አምስቱን ቀን ሸፈኑት። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ደህና አድርጌ ረገምኳቸው፤ የገና ዋዜማ ባይሆን ኖሮ ከዚያም በላይ እል ነበር።

አሁን ግን ነገሩን መለስ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ይገርመኛል። አድማው ቀጠሮ አክባሪ ነበር። በጊዜው ሕግ መሠረት አንድ የሠራተኛ ማኅበር ሥራ ለማቆም አባላቱን በፖስታ ድምፅ ያሰጥ ነበር፤ ቢያንስ ግማሾቹ ድምፅ ካልሰጡ አድማው ሕገ ወጥ ነበር። ይህም ካለፈ በኋላ ለአሠሪው የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነበር። እኔ ለገና በባቡር እንደማልሄድ ዱቄቱን ሳልገዛ በፊት አውቅ ነበር። በእንግሊዝ ባቡር ዙሪያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የተነገረኝና በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት የመጣ ነገር አድማው ብቻ ነው።

እኔን ያማረረኝ ተራው ማክሰኞ ነው። አድማ የሌለበት፣ በዓል ያልሆነ፣ ዝናብ የሚያካፋበት ማክሰኞ።

በየጠዋቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ የሚነሣ ባቡር አለኝ፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። እኔ ካልደረስኩ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረችው ባልደረባዬ ወደ ቤቷ መሄድ አትችልም፤ ስለዚህ የባቡሩ ጉዳይ የእኔ ብቻ አይደለም። ጣቢያው ላይ ደርሼ ሰሌዳውን አያለሁ። "በሰዓቱ" ይላል። 1 ሰዓት ከ10 ላይም "በሰዓቱ" ይላል። 1 ሰዓት ከ13 ላይ፣ ባቡር የሌለበት ሐዲድ ፊት ለፊታችን ተዘርግቶ፣ አሁንም "በሰዓቱ" ይላል። ከዚያ ጽሑፉ ብልጭ ይልና "ተሰርዟል" ይሆናል። የተቀዳ ድምፅ ይከተላል። ሠራተኛ ባለመሟላቱ ባቡሩ እንደማይመጣ ይናገርና ከልቡ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታው ጭምር የተቀዳ ነው።

እኛ አገር ቢሆን የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደሚሆነው ቢያንስ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይናገር ነበር፤ ሌላው ይቀበለው ነበር፤ ሰልፉ ሳያልቅም ሁሉም ሰው ተዋውቆ ይለያያል። እዚህ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ሁሉም አንገቱን ወደ ስልኩ ይደፋል። መጀመሪያ ላይ ይህን ትዕግሥት አደንቅ ነበር። ኋላ ላይ ትዕግሥት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ መሆኑ ገባኝ።

ለመዘግየቱ ካሣ አለ፤ እሱን አልክድም። በብዙዎቹ መስመሮች ባቡሩ 15 ደቂቃ ከዘገየ የቲኬትህ ዋጋ ሩብ፣ 30 ደቂቃ ከሆነ ግማሹ፣ አንድ ሰዓት ከሞላ ሙሉው ይመለስልሃል። ቅጹን መሙላት ከለመድከው ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ፤ በአንድ ክረምት የተመለሰልኝን ገንዘብ ብደምረው አንድ ጫማ ገዝቶ ተርፎታል። ግን ለዓመታት በይፋ ሲሠራበት በኖረው መለኪያ አንድ የአጭር ርቀት ባቡር እስከ አምስት ደቂቃ፣ የረጅም ርቀቱ ደግሞ እስከ አሥር ደቂቃ ቢዘገይም "በሰዓቱ ደረሰ" ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ሌላ ባቡር የሚቀይር ሰው በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚሆን መዝገቡ አይጠይቅም።

የሚያሳዝነው፣ ይህች አገር አንድ ወጥ ሰዓት የያዘችው በባቡር ምክንያት መሆኑ ነው። ከባቡር በፊት እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ፀሐይ ነበረው። ብሪስቶል ከለንደን በአሥር ደቂቃ ትዘገይ ነበር፤ በጥንቱ የገበያ አዳራሽ ግንባር ላይ ዛሬም ሁለት የደቂቃ ዘንግ ያለው ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የብሪስቶልን፣ ሌላው የለንደንን ይቆጥራል። የባቡር ኩባንያዎቹ ከ1840 ጀምሮ የለንደንን ሰዓት እየተቀበሉ ሄዱ፤ ሕጉ የተከተላቸው በ1880 ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው አልተደነቁም። ለንደን ከገቡ ሃያ ዓመት ቢያልፋቸውም የሳሎናቸው ሰዓት አሁንም የእኛን አቆጣጠር ነው የሚያሳየው። "አሥር ደቂቃ ምን አላት? እኔ ስድስት ሰዓት ይዤ እኖር የለ" ነው ያሉት።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ምሽት ነው። ከሥራ ስመለስ ባቡሩ ሁለት ጣቢያ መሀል ሜዳ ላይ ቆመ። መብራቱ ደበዘዘ። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ የባቡሩ ተቆጣጣሪ በየፉርጎው እየገባ በራሱ አፍ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር፤ በድምፅ ማጉያው ሊለው ይችል ነበር፣ ግን በእግሩ መጣ። ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ የሸሚዙ ክሳድ የተበላ ሰው ነው። አንዲት ወጣት፣ "እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አድማ ትወጣላችሁ" አለችው። አልተቆጣም። ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው" አላት። "ጠዋት ደውለው ለመኑኝ። እሺ ባልል ኖሮ ይህ ባቡር አይነሣም ነበር።"

ነገሩን ኋላ ላይ ሳጠያይቅ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በብዙ የእንግሊዝ መስመሮች የጊዜ ሰሌዳው የተሠራው ነጂዎችና ተቆጣጣሪዎች በዕረፍት ቀናቸው እሺ ብለው ይገባሉ በሚል ተስፋ ላይ ነው። በአንዳንዶቹ እሑድ ከነጭራሹ የመደበኛ ሥራ ውላቸው ውስጥ የለም። አንድ ነጂ ለማሠልጠን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ኩባንያዎቹ አዲስ ሰው ከመቅጠር ይልቅ በነባሩ ሰው ዕረፍት መጠቀም ረከሰላቸው። ሠራተኛው ደስ ሲለው ባቡሩ ይሄዳል። ያ ሰው ልጁን ቢድር፣ ቢታመም፣ ወይም ዝም ብሎ እንቢ ቢል "ተሰርዟል"። አድማውና ተራው ማክሰኞ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

እዚህ እንዴት እንደተደረሰ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል። በባቡር ሰው ማመላለስን ለዓለም ያስተማሩት እነሱ ናቸው። የስቶክተንና የዳርሊንግተን መስመር የተከፈተው መስከረም 27 ቀን 1825 ነው። ከዚያ መገንባት፣ ከዚያ ማፍረስ መጣ። በ1963 ዶክተር ቢቺንግ በተባሉ ሰው የቀረበው ሪፖርት ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ይዘጋ አለ፤ አብዛኛውም ተዘጋ። እኔ በምኖርባት ከተማ እሑድ እሑድ የምሄድበት የእግር መንገድ የድሮ ሐዲድ ነው። በላዩ የሚያልፈው የድንጋይ ድልድይ እስካሁን ከሥሩ ባቡር የሚያልፍ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ሳላይ ባቡር ጣቢያ እያየሁ ስላደግኩ በዚህ መንገድ ላይ ባይተዋርነት አይሰማኝም።

ቀጥሎ በ1993 ሕግ የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት ብትንትኑ ወጣ። ሐዲዱ ሬልትራክ ለሚባል ኩባንያ፣ መንገደኛ ማጓጓዙ ለ25 ኩባንያዎች፣ ፉርጎዎቹ ደግሞ ለሚያከራዩ ሌሎች ሦስት ኩባንያዎች ተሰጠ። ጥገናው በየኮንትራክተሩ ተቸረቸረ። በጥቅምት 2000 ሃትፊልድ አጠገብ የተሰነጠቀ ሐዲድ ተሰብሮ አራት ሰዎች ሲሞቱ፣ ሐዲዱ የማን፣ ጥገናው የማን፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ለማጣራት አገሩ ታመሰ። ሬልትራክ በዓመቱ ከሰረ። ሐዲዱም ዞሮ ዞሮ በመንግሥት እጅ ገባ።

ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ባቡሩ ባዶውን ሄደ። ከ2020 ጀምሮ የአብዛኞቹ መስመሮች ገቢም ኪሳራም የመንግሥት ሆነ፤ ኩባንያዎቹ የሥራ ማስኬጃ ክፍያ የሚቀበሉ ተቋራጮች ሆኑ። ስለዚህ በሰኔ 2022 አርኤምቲ የተባለው ማኅበር 40,000 ያህል ሠራተኞችን ይዞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ትልቁን የባቡር አድማ ሲጀምር አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ኩባንያዎች ገንዘቡ የላቸውም። ገንዘቡ ያለው ሚኒስቴር ደግሞ ጉዳዩ የአሠሪና የሠራተኛ ነው፣ አያገባኝም ይላል። የኑሮ ውድነቱ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 11 በመቶ አለፈ። የአርኤምቲው መሪ ሚክ ሊንች በየቴሌቪዥኑ እየቀረበ ጋዜጠኞቹን በእርጋታ ሲያስተባብል፣ አድማውን የሚጠላው ሰው ሳይቀር ሰውየውን ወደደው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝን ነገር ልናገር። የባቡር ነጂ ደመወዝ በዚያን ጊዜ በአማካይ በዓመት ወደ 60,000 ፓውንድ ይጠጋ ነበር። የእኔ የዚያን ግማሽ አይሞላም። አድማ ልውጣ ብል የማነሣቸውን፣ የማጥባቸውን፣ መድኃኒት የምሰጣቸውን አረጋውያን ለማን ጥዬ? በዚያው የባቡር ሥራ ውስጥ በሌሊት ፉርጎ የምታጸዳ አንዲት የአገሬ ልጅ አውቃለሁ፤ የእሷ ደመወዝ ደግሞ ከእኔም ያንሳል። ይህን ሳስብ የነጂዎቹ አድማ ላይ ልቤ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ይህንንም ለአክስቴ ነገርኳቸው።

"እነሱ ብዙ አገኙ ብለሽ ነው የምትናደጂው ወይስ አንቺ ትንሽ አገኘሽ ብለሽ?" አሉኝ።

መልስ አልሰጠሁም። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ባለቤታቸው ያወሯቸው የነበረውን የድሬዳዋን ታሪክ አነሡ፤ የሸማንደፈር ሠራተኞች በ1947 በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቋቋሙ መሆናቸውን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አድማ ሲሞክሩ በወታደር መበተናቸውን። "ደመወዙን እያስቀረ እቤቱ የሚቀመጥ ሰው ሰነፍ አይደለም" ይላሉ አክስቴ። የእንግሊዞቹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1901 ታፍ ቬል የተባለ የዌልስ ባቡር ኩባንያ የሠራተኞቹን ማኅበር አድማው ላስከተለብኝ ኪሳራ ክፈለኝ ብሎ ከሶ ረታ፤ ብዙ ማኅበራትን ከሌበር ፓርቲ ምሥረታ ኋላ ያሰለፈው ያ ፍርድ ነው።

በ2023 ሌላ ሕግ ወጣ፤ በአድማ ቀንም ቢሆን በቂ ባቡር እንዲሄድ ሠራተኛን በግድ መጥራት የሚፈቅድ። በጥር 2024 አንድ ድርጅት ሊጠቀምበት ሲያስብ የነጂዎቹ ማኅበር አስሌፍ በእሱ ላይ ብቻ አምስት ተጨማሪ የአድማ ቀን ጨመረበት። ድርጅቱ ሐሳቡን ተወ፤ ማኅበሩም አምስቱን ቀን ሰረዘ። በመስከረም 2024፣ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ፣ ነጂዎቹ የሦስት ዓመት ጭማሪ ተቀብለው ከሁለት ዓመት በላይ የዘለቀው ጠብ በረደ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አክስቴን ያስቆጣቸው ግን አድማው አይደለም። በ2023 ክረምት የእንግሊዝን የቲኬት መስኮቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም እንዝጋ የተባለው ነገር ነው። አክስቴ ስልክ ላይ ቲኬት አይገዙም። መስኮት ላይ ቆመው፣ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው፣ የት እንደሚሄዱና ለምን እንደሚሄዱ፣ ማን እንደታመመና ማን እንደወለደች ጭምር ተናግረው ነው የሚቆርጡት። ከኋላቸው ሰልፍ ይረዝማል። የመስኮቱ ሰው ግን በ47 ፓውንድ ሊሸጥላቸው የነበረውን "እናቴ፣ አንድ ሰዓት ቢጠብቁ 19 ነው" ብሎ ያውቃል፤ ማሽኑ ይህን አይልም። በዚህ አገር የአንድ ወንበር ዋጋ በገዛህበት ቀን፣ በምትሳፈርበት ሰዓት ይለዋወጣል፤ አንዱን ጉዞ በሁለት ቲኬት ከፍለህ ብትገዛው የሚረክስበት ጊዜም አለ፣ ባቡሩ ግን ያው ነው፣ ወንበሩም ያው ነው። ተቃውሞ ይላክ ሲባል 750,000 ያህል መልስ ጎረፈ፤ እቅዱም በጥቅምት መጨረሻ ተሰረዘ። ከ750,000ዎቹ አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስጻፉኝ አክስቴ። "የመስኮቱ ልጅ ስሜን ያውቃል በይ" ነበር ያሉኝ፤ እንዳሉት ጻፍኩት።

በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ከለንደን እስከ ማንችስተር ሊሠራ የነበረው የፈጣን ባቡር መስመር የሰሜኑ ክፍል መቅረቱን አስታወቁ። ያስታወቁት ማንችስተር ሄደው ነው፤ ንግግሩን ያደረጉበት አዳራሽ ደግሞ በ1969 የተዘጋ የባቡር ጣቢያ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሆን ብሎ ቢያስበው እንኳ አይሳካለትም።

አሁን ባቡሩ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት እየተመለሰ ነው። የመጀመሪያው ተራ የደቡብ ምዕራቡ መስመር ሆነና ግንቦት 25 ቀን 2025 ማለዳ ከዎኪንግ ወደ ለንደን የሚሄደው ባቡር በካሜራ ታጅቦ ተጠበቀ። ያ ቀን እሑድ ነበር፤ ሐዲዱ ጥገና ላይ ስለነበር የመንገዱን ከፊል የሄዱት በአውቶቡስ ነው። እኔ ለሳምንት ሳቅኩ። በእርግጥ ጥገናው ቀድሞ የታቀደ ነው፤ ባለቤቱ በተቀየረ ማግሥትም ነጂ አይፈለፈልም። ለ2026 መንግሥት የሚቆጣጠረው የእንግሊዝ ባቡር ታሪፍ እንደማይጨምር ተነግሯል፤ ይህ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። የእኔ የ1 ሰዓት ከ12 ባቡር ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን መጣ፤ ሁለት ቀን ቀረ።

ዘንድሮም ገና እየመጣ ነው። ዱቄቱን ገዝቻለሁ፤ የሙዝ ቅጠሉም በረዶ ቤት ውስጥ አለ። ትናንት አክስቴ ደወሉ።

"ልጄ፣ በምን ነው የምትመጪው?"

"የባቡርም ቆርጫለሁ፣ የአውቶቡስም ቆርጫለሁ።"

"ለአንድ ሰው ሁለት ቲኬት?"

"ምን ላድርግ እትዬ፣ አይታወቅም።"

ትንሽ አሰቡ።

"እንግዲያው ዳቦውን በአውቶቡስ ላኪው፣ አንቺ በባቡር ነይ። ቢያንስ አንዳችሁ ትደርሳላችሁ።"